ማሳወቅ ወይስ ማስፈቀድ? የሐይቅ ዳሩ ደብዳቤና የመጡለት 31 መልሶች

በኢንተርኔት መወያያ ገጻችን ላይ የመክፈቻውን ጽሑፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ማታ፣ ደብዳቤዋን ፊቴ ዘርግቼ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃት አንዲት መውረጃ አለች። አስጋሪዎች ታንኳቸውን ያስጠጉባታል፣ እናቶች ልብስ ያጥቡባታል፣ አመሻሽ ላይ አዛውንቶች ነፋስ ይቀበሉባታል። ከሁለት ወር በፊት መውረጃዋ በቆርቆሮ ታጠረች። ማን እንዳጠራት፣ ለምን እንዳጠራት የነገረን የለም። እድራችን ተሰብስቦ መከረ። እሑድ ጠዋት ከሰፈር ተነሥተን እስከ አጥሩ ድረስ በእግር ለመሄድ፣ እዚያ አቤቱታችንን አንብበን ለመበተን ተስማማን። ደብዳቤ ተጻፈ። ርእሱ «ሰላማዊ ሰልፍ የምናደርግ መሆኑን ስለማሳወቅ» ይላል።

የእድሩ ጸሐፊና እኔ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ይዘነው ሄድን። የተቀበሉን ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ወንበር ሰጡን፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አነሡና «ስለማሳወቅ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዘው ከላዩ «ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብለው ጻፉ። በዚህ መልክ አስተካክላችሁ ስትመጡ እናየዋለን አሉን። ቀይ ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ ከጀርባው ይታያል።

የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መሠረት ዜጋ ሰልፍ ለማድረግ ያሳውቃል ወይስ ያስፈቅዳል?

1ኛው መልስ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። የጻፈው በከተማችን ካለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል አካባቢ ያደገ ሰው ነው፤ መውረጃዋን በደንብ ያውቃታል። ዋና የተማረው እዚያ እንደሆነ፣ አሁን ልጁን ይዞ ሲሄድ ቆርቆሮው እንደመለሰው ነገረን። በርቱ አለን። ስለ ሕጉ ያለው ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ብቻችንን እንዳልሆንን የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

2ኛው የሕግ ሰው ነው። በትሕትና ጀምሮ ስህተቴን አረመኝ። አንቀጽ 29 ስለ አመለካከትና ሐሳብን በነፃ ስለመግለጽ የሚናገር እንጂ ስለ ሰልፍ አይደለም፤ የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት ያለው አንቀጽ 30 ላይ ነው። መሣሪያ ሳይዝ በሰላም እስከሆነ ድረስ መብቱ የማንኛውም ሰው ነው። ዝርዝሩ ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ በፊት በወጣ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ተቀምጧል። አዘጋጆቹ ከሰልፉ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። በጽሑፉ ዓላማው፣ ቦታውና ጊዜው፣ የሚታለፍባቸው መንገዶች፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እርዳታ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል ብሎ ካመነ ምክንያቱን ጠቅሶ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። የትም ቦታ፣ መቼም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ስለዚህ ቀዩ እስክሪብቶ የሰረዘው አንድ ቃል ሳይሆን የአዋጁን መንፈስ ነው ብሎ ደመደመ።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 48 ሰዓቱ የእኛ ግዴታ ነው፤ 12 ሰዓቱ ግን የእነሱ ነው። እኛ የኛን ግዴታ ለመወጣት ሄደን የእነሱን ግዴታ የሚያስታውሰን ሰው አልነበረንም።

3ኛዋ እንዲሁ የሕግ ባለሙያ ናት፤ በ2ኛው ላይ እርማት አክላለች። እድር በራሱ አዳራሽ ወይም ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ቢመክር አዋጁ ጭራሽ አይመለከተውም፤ አዋጁ የሚገዛው ሰላማዊ ሰልፍንና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን ነውና፣ ሰው ለምን ተሰበሰባችሁ ቢላችሁ አትደንግጡ አለችን። ከዚያ የማላውቀውን ነገር ነገረችን፤ ሰልፍ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመሳሰሉት በ100 ሜትር፣ ከጦር ሠፈር ደግሞ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ አይደረግም። ደብዳቤያችሁን ከማስገባታችሁ በፊት መንገዳችሁን ለኩ ብላ አስጠነቀቀችን። በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት ልጅ ጋር ወጥተን በአርባ ሜትር ገመድ ለካን። ከመውረጃዋ እስከ ቅርቡ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ገመዱ አምስት ጊዜ ተዘርግቶ ሌላ ትርፍ ቀረው። ልጁ እያንዳንዱን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርግ ነበር፤ ጠጠሮቹን አሁንም ኪሱ ውስጥ እንደያዛቸው እናቱ ነግራኛለች።

4ኛው መልስ የተጻፈው በአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። አንቱ እያልን የምናነባቸው ሰው ናቸው፤ እርሳቸው ግን ሁላችንንም ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉት። ወደ 1960 ዓ.ም. ወሰዱን። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ፤ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። አመጹ ወደ ውጊያ ሳይደርስ በፊት ገበሬው ደጋግሞ ሽማግሌ መርጦ አቤት ብሏል። የመምህሩ አባት ከተላኩት አንዱ ነበሩ። ስንቃቸው በሶ ነበር፤ ቀናት ተጉዘው ደጅ ጠንተው መልስ ሳያገኙ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻም አገረ ገዥው ተነሣ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። መምህሩ የነገሩን ለማድነቅ አይደለም። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ መጀመሪያ አቤት ስንል ቢሰሙን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ይሉ እንደነበር ጽፈው ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። 5ኛው በቁጣ መጣ። በየትኛው አገር ነው የምትኖሩት፤ ወረቀት ላይ ያለ አንቀጽ ቆርቆሮ አይነቅልም፤ እናንተ ቁጥር ትቆጥራላችሁ አጥሩ ግን በግንብ ይተካል አለ። ቃላቱ ከዚህም የከረሩ ነበሩ፤ አልደግማቸውም። 6ኛው ደገፈው፤ ከ2015 ጀምሮ በአማራ ክልል መብት የሚባል ሁሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታግዷል፣ ስለዚህ ክርክሩ ከንቱ ነው አለ።

7ኛው የ6ኛውን ስህተት በዝርዝር ለየ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የስድስት ወር ነበር፤ ለአራት ወር ተራዘመ፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚደነግገው አንቀጽ 93 የሚለው መብት ለጊዜው ሊታገድ ይችላል እንጂ ይሰረዛል አይደለም። ጨርሶ የማይነኩ ተብለው የተዘረዘሩት ደግሞ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25ና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1ና 2 ናቸው። የሃይማኖት ነፃነት፣ ማለት አንቀጽ 27፣ ሰብዓዊ መብቶች በሚለው ክፍል ውስጥ ቢሆንም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሕይወት መብትም የለም። ይህን ሳነብ አላመንኩም፤ ተነሥቼ ሕገ መንግሥቱን ከመደርደሪያ አወረድኩና አየሁት። እውነቱን ነው። አንድ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጸደቀለትን ሰነድ ሠላሳ ዓመት ያህል ይዞ ይህን አለማወቁ ያሳዝነኛል፤ እኔም ከማያውቁት አንዱ ነበርኩ።

8ኛው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ መሆኑን ገልጾ ጻፈ። የሚናገረው በክፋት አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አንቀጽ 30 ራሱ ለሕዝብ እንቅስቃሴ፣ ለሰላምና ለሌሎች መብት ሲባል የሰልፉ ቦታና መንገድ ሥርዓት እንዲወጣለት ይፈቅዳል አለ። ሃምሳ ሰው እንሄዳለን ትላላችሁ፣ አምስት መቶ ቢመጣስ? ከመካከል አንድ ሰው ድንጋይ ቢያነሣስ? ሲል ጠየቀ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሰልፍ ላይ የሆነውን የረሳችሁ ትመስላላችሁ ብሎ ጨረሰ። 9ኛው በዚያችው ቀን መልሶ መታው፤ የዚያን ቀን ድንጋይ የያዘ ማን ነበር፣ ጥይት የያዘስ ማን ነበር፣ የሞቱት እነማን ነበሩ ብሎ ጠየቀው። 8ኛውን በቀጥታ አድርባይ ብሎ ሰደበው።

10ኛው መልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። ጸሐፊው ያን ቀን እዚያ እንደነበረ፣ ጎኑ የነበረው ጓደኛው ወደ ቤት እንዳልተመለሰ፣ ሁለቱም ያችን ቀን ለክርክር ማሸነፊያ እንዳያደርጓት እንደሚለምናቸው ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም። 9ኛው ስድቡን ተመልሶ አጠፋው።

ዝምታውን የሰበረችው 11ኛዋ ናት፤ ስለ እንቦጭ አነሣች። እንቦጭ ጣናን ሲወርረው፣ ነቅላችሁ አውጡ ተብለን በሺህ ወጥተን እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ገብተን ነበር፤ ያኔ 48 ሰዓት የጠየቀን፣ ፈቃድ አምጡ ያለን ማን ነው አለች። ሐይቁን ለማዳን የተሰበሰበ ሕዝብ ሐይቁን ለማየት ሲሰበሰብ ለምን ጥርጣሬ ይነሣል? ለእኔ ከሁሉም ጥያቄ ይህ ነው የቀረበኝ። እኔም ያኔ ከነቀሉት አንዱ ነበርኩ፤ ሥሩ ረጅም ነው፣ እጅ ላይ ይጠመጠማል፣ አንድ ጭነት ጎትተህ ስታወጣ ውኃው ወዲያው በሌላ ይሞላል።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ከመንገዱ ወጡ። አንዱ እንቦጩ በእጅ ነው ወይስ በማሽን የሚነቀለው በሚል ሙግት ገጠመ፤ ሌላው ስለ አምባዛና ስለ ቀረሶ ዋጋ አነሣ። ዓሣ ሁለት እጥፍ ተወዷል፣ አስጋሪው ታንኳውን የሚያስጠጋበት ሲያጣ ምን ይሆናል አለ። እንግዲህ ይህ ከመንገድ መውጣት አይደለም፤ ነገሩ ከዚያው ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው።

15ኛው ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ራሱን የሐይቁ ልጅ ሲል አስተዋወቀ፤ ከነገዴ ማኅበረሰብ የተወለደ ወጣት ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ከጣና ጋር ከማንም በላይ የኖሩት አያቶቹ ናቸው። በእምነት ሙስሊም ናቸው፣ ቋንቋቸው አሁን አማርኛ ነው። ጎረቤት አብሮ ማዕድ ሳይቆርስ ትውልድ እንዳለፈ ጻፈ። ከላይ የ12ኛው መልስ ጸሐፊ ማኅበረሰቡን በስድብ በሚታወቀው ስም መጥራቱን አስታውሶ እንዲያርም ጠየቀው። ከዚያ ወደ ሕጉ መጣ። ሕገ መንግሥቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 በማይበልጡት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ዎቹን ለአነስተኛ ቁጥር ብሔረሰቦች ይሰጣል። ሕዝቤ ግን እንደ ብሔረሰብ ሳይቆጠር እንዴት ከሃያው ይደርሰዋል ሲል ጠየቀ። አጥሩ ሲቆም ከሰፈሩ ነዋሪ ማንም አልተጠየቀም ትላላችሁ፤ እኛ ከናንተ በፊት መቼ ተጠይቀን እናውቃለን አለ። ይህ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። እድራችን የአቤቱታውን ረቂቅ ሲያዘጋጅ አስጋሪዎቹን አልጠራንም ነበር። ልንጠራቸው ይገባን ነበር፤ የመጀመሪያው ስህተታችን ይህ ነው።

12ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ስላደገ ስድብ መሆኑን አስቦበት እንደማያውቅ ጻፈ። ይህ 16ኛው ነው።

17ኛው በእድሜ የገፉ ሙስሊም አባት ናቸው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት እንደነበረች፣ ኢድ ሲደርስ አባታቸው ሱቃቸውን ዘግተው ሥራ ፈቱ ተብለው ይጠየቁ እንደነበር አስታወሱ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ይከበር ብለው በሰላም ወጡ፤ የሚደግፏቸው ክርስቲያን ወንድሞችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ ነው ኢድና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት። ልጆቼ፣ የመሰብሰብ መብትና የእምነት መብት እንደ ሁለት ዓይን ናቸው፤ አንዱን አጥፍቶ በሌላው ብቻ ደህና ማየት አይቻልም አሉ። እኔ ይህን ከሕግ ትንተና ሁሉ በላይ ተረዳሁት።

አሳዛኙ ነገር ከ18 እስከ 21 ያሉት መልሶች ነበሩ። አንዱ የሌሊት ድምፅ ማጉያ አነሣ፤ ለሊቱን ሙሉ ሕፃን ማስተኛት አልቻልኩም አለ። ሌላው የእናንተው ይብሳል ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። አራተኛው በክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አለመግባቷ ከእኩልነት አንቀጽ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ ሰዓቱ ግን መጥፎ። የምፈራው ሁልጊዜ ይህንን ነው፤ ስለ አጥር ስንነጋገር እርስ በርስ መተጣጠር እንጀምራለን።

22ኛው ዲያቆን ነው፤ ነገሩን አበረደው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንቀጽ 11፤ ገዳም የራሱን ሥርዓት ያወጣል፣ መንግሥትም አይገባበትም። እምነትን መግለጽ ደግሞ በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው፤ ያውም ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ምግባርና ለሌሎች ሰዎች መብት ሲባል። የድምፅ ማጉያ ጉዳይ በሁለቱም በኩል ከዚህ ውስጥ ይታያል፤ ጎረቤት ግን ከሕግ በፊት ተነጋግሮ ይግባባ አለ። እርሱ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሌሊት የውጭውን ማጉያ ዝቅ ያደረጉት አንዲት አራስ እናት መጥታ ስለለመነች እንደሆነ ጨመረ።

23ኛዋ ወጣት ናት፤ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደመረጠች ነገረችን። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ካርድ ስታወጣ የመምረጥ መብት፣ አንቀጽ 38፣ በእጄ ገባ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ምክር ቤቱ በአምስት ዓመት አንዴ ይመረጣል፤ በመካከሉ ስትናገር መርጠሻል፣ ዝም በይ ይሏታል። አንቀጽ 43 ግን ማኅበረሰብን በሚነካ ልማት ላይ ሕዝብ የመሳተፍና ሐሳብ እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 92 አካባቢን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ሕዝቡ አስተያየቱ እንዲደመጥ ያዛል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለ ዳርቻ ሲታጠር ጎረቤቱን አለመጠየቅ እንዴት ልማት ይባላል? አቤቱታችንን አንብባ አንቀጽ 30 ላይ ብቻ አትቁሙ፣ 43ንና 92ንም ጨምሩ አለችን። ጨመርናቸው።

24ኛው ተጠራጣሪ ነው፤ እርሱም ጠበቃ መሆኑን ገለጸ። ደብዳቤያችሁ ቢከለከል የት ትከሳላችሁ አለ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር ሲታገድ ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መራው፣ ጉባኤውም ለከሳሹ አልፈረደም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና ብዙ አትጠብቁ አለን። ጽሑፉ የከፋ ሰው ጽሑፍ አልነበረም፤ ብዙ ደጅ አንኳኩቶ የደከመው ሰው ነበር።

2ኛው፣ አሁን 25ኛ ሆኖ፣ ተመልሶ መጣ። እስካሁን በቃላቱ ይጠነቀቅ የነበረው ሰው ሞቅ ብሎታል። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም ባለሥልጣን ሕገ መንግሥቱን የማክበርና ለእርሱ የመገዛት ግዴታ አለበት፤ ይህን ለመፈጸም ትርጉም የሚሰጥ ጉባኤ አያስፈልግም። በዚያ ላይ አንቀጽ 106ን አስታወሰን፤ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በእኛው ቋንቋ የተጻፈውን በእኛው ቋንቋ ሰረዙት አለ።

26ኛው ያው 5ኛው ነው። በአንድ ግስ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ትንጫጫላችሁ ብሎ ዘለፈን። እዚህ ላይ እኔም አልቻልኩም፤ 27ኛውን ጻፍኩ። ወንድሜ፣ ግሱ ነው ነገሩ ሁሉ አልኩት። ደብዳቤው በቀዩ መልክ ቢገባ ኖሮ እሑድ በእግራችን መሄዳችን የአንድ ሰው ቸርነት ይሆን ነበር፤ ቢከለክለን ደግሞ የነፈገን የእሱን ነገር እንጂ የእኛን አይሆንም ነበር። ልጆቻችን ያንን ወረቀት ያዩና መሰብሰብ የሚለመን ነገር ነው ብለው ያድጋሉ። እኔ ያደግሁት እንዲያ ነው፤ ጥያቄውን በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው የጠየቅሁት።

28ኛው መልስ ከምጠብቀው ቦታ አልመጣም። ጸሐፊው ጎጃም ውስጥ በአንድ ቅኔ ቤት ያስተምራል። ስለ ሕግ አላውቅም፣ ስለ ግስ ግን ላውራ ብሎ ጀመረ። «አሳወቀ» የሚለው «ዐወቀ» ከሚለው ይወጣል፤ ዕውቀቱ ከእኔ ተነሥቶ ወደ ሰሚው ይሄዳል፣ ሰጪው እኔ ነኝ። «አስፈቀደ» ግን «ፈቀደ» ከሚለው ነው፤ ፈቃዱ ከሌላው ተነሥቶ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ሁለቱም «አስ» የሚል አንድ አገባብ ይዘው ሳለ አንዱ ባለቤት ያደርጋል፣ ሌላው ለማኝ። ቀይ እስክሪብቶው የለወጠው ቃል ሳይሆን ባለቤቱን ነው አለ። መልሱን አትሜ የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ያልጠበቅሁት 29ኛው ነው። 8ኛው፣ ያ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው፣ ተመለሰ። አሁንም እንደሚፈራ አልደበቀም፤ ነገር ግን ጥሩ ምክር ይዞ መጣ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይጻፍበት። ሰዓት ከሌለበት 48ቱም 12ቱም ከየት ይቆጠራሉ? ሰልፉን የሚያስተባብሩ አሥር ሰዎች ምረጡ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ለፖሊስም ስልካቸውን ስጡ። 10ኛው ይህን አንብቦ አሥራ አንደኛው እኔ ልሁን ሲል ከሥሩ ጻፈ።

30ኛው እንደገና የእኔ ነው፤ ማክሰኞ የሆነውን ለመንገር። ደብዳቤው እንደ መጀመሪያው ርእሱ «ስለማሳወቅ» ሆኖ ገባ። አስጋሪዎቹ ሦስት ተወካይ ልከው አብረውን ፈርመዋል፤ አንደኛው 15ኛውን መልስ የጻፈው ወጣት ነው። ከአዋጁ ላይ የሚመለከተውን ገጽ አያይዘናል። ያው ሰው ነበሩ የተቀበሉን። ርእሱን አዩና ቀና ብለው አዩን። እስክሪብቶ አነሡ፤ የእድሩ ጸሐፊ እጄን ያዘኝ። ሰማያዊ ነበር። በቅጂው ጥግ ላይ ቀኑን ጻፉና ቆሙ፤ ሰዓቱንም ብንጽፍ አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው 3:20 ብለው ጻፉ፣ ማኅተሙንም አሳረፉበት።

እስከ ማታ 3:20 የጽሑፍ መልስ አልደረሰንም።

31ኛው መልስ የደረሰኝ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ነው። መውረጃዋ ላይ ልብስ ስታጥብ ከልጅነቴ የማውቃት እናት በልጇ ስልክ ነው ያስጻፈችው። እሑድ በስንት ሰዓት እንደምንነሣ፣ ውኃ ይዛ ብትመጣ ይከለከል እንደሆነ ጠየቀችን። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከእድሩ ቤት ደጃፍ፤ ውኃውንም ይዘሽ ነይ እማማ ብዬ መለስኩላት።